በቱላና በሐዋሳ ድውያንን ስላስታመሙ ሰዎች

ይህ ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ ሕንፃውን ስላሠሩት፥ ጕልላቱን ስላቆሙት፥ ደወልና መጻሕፍት ስለ ሰጡት በጎ አድራጊዎች የሚነገረው በሌሎች ገጾች ተጽፏል። እኔ ግን የበዓሉ አዘጋጆች ከታሪክ ወገን አንድ ነገር እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ፥ ስማቸው በእብነ በረድ ላይ ስላልተቀረጸ ሰዎች መጻፍን መረጥሁ። እነርሱም የኤች አይ ቪ ደዌ በአገራችን በጸናበት ዘመን ያለ ደመወዝ ድውያንን ያስታመሙ፥ መድኃኒት በተገኘም ጊዜ ድውያኑን ወደ መድኃኒቱ ያደረሱ ናቸው። የሚበልጡት ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቫይረሱ በገዛ ደማቸው ውስጥ የሚገኝ ነበሩ።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሥርዐት የእልልታ ዓመት ብቻ አልነበረም፤ የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት፥ ባሪያው ነጻ የሚወጣበት፥ ሰው ከሰው ጋር ሒሳቡን የሚተሳሰብበት ዓመት ነበረ እንጂ። እኛም በቤተ ክርስቲያን የምናገለግል ሰዎች ለእነዚህ አስታማሚዎች ዕዳ አለብን። ዕዳው ምን እንደ ሆነ በስፍራው እናገራለሁ፤ ከዕዳው የሚበልጠው ድርሻ የእኔ ነውና።

ስፍራውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ቱላ ከሐዋሳ በስተ ደቡብ፥ ወደ ዲላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፥ ዙሪያዋን እንሰትና ቡና የከበባት የሲዳማ ምድር ናት፤ ዛሬ በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ትባላለች። ሐዋሳ ራሷም በ1952 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተቈረቈረች ስለ ሆነች ገና ወጣት ከተማ ናት። ጎዳናው ግን ትልቅ ጎዳና ነው። የገበሬው ቡና በዚያ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ሸቀጥም በዚያ እስከ ሞያሌ ይወርዳል፤ ነጋዴው፥ ሾፌሩ፥ ወታደሩ፥ ሥራ ፈላጊው ወጣት ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ያድራልም። ደዌው በአገራችን አስቀድሞ የተጓዘው በእንደዚህ ያለ ጎዳና ነው፤ ወደ ገጠሩ ጎጆ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ቫይረሱ በመጀመሪያ የተገኘው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዓመት ተቀድቶ በተቀመጠ ደም ውስጥ ነው፤ በደዌው የታመሙ ሰዎች በሐኪም ፊት የታወቁት ግን በ1986 ዓመት በአዲስ አበባ ነው። መንግሥት ስለ ደዌው አገራዊ ፖሊሲ ያወጣው በነሐሴ ወር 1990 ዓመተ ምሕረት ሲሆን፥ የመከላከያና የመቈጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት በዐዋጅ የቆመው በ1994 ዓመተ ምሕረት ነው። ከፊተኛው ዓመት እስከ ኋለኛው ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው ይሞት ነበር፤ የሞቱን ምክንያት ግን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ዘመዶቹ «ሳንባ ነው» ወይም «ምች መታው» ይሉ ነበር፤ ጎረቤት በዐይን ይጠቃቀስ ነበር፤ እኛም ካህናትና መምህራን በፍትሐቱ ላይ ስለ ሌላ ነገር እንሰብክ ነበር።

የታመመው ሰው ሳይሞት ከሰው ይለይ ነበር። የሚበላበት ሳሕን ለብቻው ይቀመጣል፤ የጠጣበት ብርጭቆ ይሰበራል፤ አከራይ ከቤቱ ያስወጣዋል፤ ልጁን ከልጆች ጋር የሚያጫውት አይገኝም። ከቀደመው ዘመን ጋር ያስተያየን እንደ ሆነ፥ በ1911 ዓመተ ምሕረት የኅዳር በሽታ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ በሺህ የሚቈጠር ሰው ቀብሯል፤ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠልን እናጥናለን። ጢሱን አልረሳነውም። ያን ጊዜ በየጎጆው ገብቶ ለታመመው ውሃ ያጠጣ ማን እንደ ነበረ ግን የሚናገር ሽማግሌ ብዙ አላገኘሁም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የእኛም ዘመን አስታማሚዎች ጢሱ ሲበተን አብረው እንዳይበተኑ ፈራሁ።

አስታማሚዎቹን ማንም አላዘዛቸውም። ነገሩ የጀመረው ከጎረቤት ነው። አንዲት ሴት በአጥር በኩል የሚያቃስት ሰው ድምፅ ትሰማለች፤ አጥሚት ሠርታ ትገባለች፤ በገባችም ጊዜ ሰውዬው ከተኛ ሦስት ቀን እንደ ሆነው፥ ያጠበውም እንደ ሌለ ታያለች። ውሃ ታሞቃለች፤ ታጥበዋለች፤ አንሶላውን ወስዳ በአመድና በሳሙና ታጥባለች። በማግስቱ ሌላዋን ጎረቤት ትጠራለች፤ ሰውን አገላብጦ ማጠብ ለአንድ ሰው ይከብዳልና። ቍስል እንዳይወጣ ጎኑን መለወጥ፥ ተቅማጥ ሲጸና ጨውና ስኳር በጥብጦ ማጠጣት፥ እጅን በላስቲክ ጓንት መሸፈን፥ ይህን ሁሉ በኋላ ነርሶች አስተማሯቸው። ከገጠሩ ቀበሌ ወደ አውራ ጎዳናው መኪና በማይገባበት መንገድ ድውዩን በቃሬዛ የሚሸከሙት ወንዶች ነበሩ፤ የሚያሸክሟቸው ግን ሴቶቹ ነበሩ።

በግእዝ ድውይን ሄዶ መጐብኘትን የሚናገር ሐወጸ የሚባል ግስ አለ። እኛ በቅኔ ቤት ይህን ግስ ስንገሥሥ ዓመታት አሳልፈናል፤ በእግራችን የፈጸምነው ግን ጥቂት ነው።

በከተማው ያለው እድርም በዚያ ዘመን ተፈተነ። ቀብር በበዛ ጊዜ ሣጥኑ እየደኸየ ሄደ። በዚህም ምክንያት በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ እድሮች፥ ሙታንን ለመቅበር ብቻ የተሰበሰበው ገንዘብ ሕያዋንን ለመርዳት ቢውል ይሻላል ብለው ደንባቸውን ለወጡ። በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ሴራ የሚባል የአብሮነት ሥርዐት አለ። ሴራ በአማርኛ የክፉ ምክር ስም ስለ ሆነ፥ እኔ መጀመሪያ ወደዚህ አገር በመጣሁ ጊዜ ሰዎች «በሴራችን ተስማማን» ሲሉ ሰምቼ ደንግጬ ነበር። በሲዳምኛ ግን ሰውን ከሰው የሚያስተሳስር፥ በችግርና በሐዘን አብሮ የሚያቆም ሕግ ማለት ነው። በቱላ ገጠር ድውያን ሳይጣሉ ከቀሩበት ምክንያት አንዱ ይኸው ሴራ ነው።

በዚህ ሥራ የሃይማኖት አጥር ዝቅ ያለ ነበረ። ከአስታማሚዎቹ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች፥ ፕሮቴስታንቶች፥ ካቶሊኮችና እስላሞች ይገኙባቸዋል። በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ በቡሹሎ የሚገኘው የካቶሊክ ጤና ጣቢያ ብዙ የቱላ ሰዎችን አክሟል። በእኛ በኩል በ1964 ዓመተ ምሕረት የተመሠረተው የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በልዩ ልዩ አህጉረ ስብከት ካህናትንና ፈቃደኞችን አሠልጥኗል። ድውይ አስታማሚው ሲገባለት «አንተ ከየትኛው ቤት ነህ» ብሎ ሲጠይቅ ግን አልሰማሁም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ምእተ ዓመት በቂሳርያ ከተማ አጠገብ ለድኾችና ለለምጻሞች ቤት ባሠራ ጊዜ፥ እንደዚሁም በ3ኛው ምእተ ዓመት መቅሠፍት በእስክንድርያ በጸና ጊዜ ክርስቲያኖች ድውያንን ሲያስታምሙ ደዌው ይዟቸው እንደ ሞቱ ሊቀ ጳጳሱ ዲዮናስዮስ በመልእክቱ በጻፈ ጊዜ፥ የተመሰገነው ይህንኑ የመሰለ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ድውያኑ ራሳቸው አስታማሚዎች መሆናቸው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓመት መቅድም ኢትዮጵያ፥ በ1998 ዓመት ደግሞ የተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበሮች በአዲስ አበባ ሲቆሙ፥ ከመሥራቾቻቸው መካከል ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ነበሩ። ሰው ስሙን እንዳይሰማበት በሚደበቅበት ጊዜ እነዚህ በአደባባይ ቆመው «እኛ ነን» አሉ። እንዲህ ያለውን ድፍረት እኔ በገድል ካልሆነ በቀር አላነበብሁም። በሐዋሳም ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ተሰብስበው ጥላ የተባለውን ማኅበር አቆሙ። የቅኔ ሰው ሰምና ወርቅ ሳይፈልግ አያርፍምና፥ የቱላ ሴቶች ወደ ጥላ ሲሄዱ ባየሁ ቍጥር በልቤ ፈገግ እል ነበር። ቱላ የሲዳማ ምድር ስም ነው፤ ጥላ ፀሐይ የሚከልል ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት በፊደል ጉርብትና ብቻ ነው። በእነዚያ ሴቶች እግር ግን በእውነት ተገናኝተዋል።

የደዌውን ኀይል የሚገታው ሦስቱን መድኃኒት በአንድነት የመስጠት ሕክምና በውጭ አገር የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓመት ነው። ወደ አገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች የገባው በሐምሌ ወር 1995 ዓመተ ምሕረት ሲሆን፥ ያን ጊዜ በክፍያ ስለ ነበረ ከድኻ እጅ አልደረሰም። በነጻ መሰጠት የተጀመረው በጥር ወር 1997 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ በኋላ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ እየወረደ መጣ።

ብዙ ሰዎች «ክኒኑ መጣ፥ ሰው ዳነ» ይላሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ አጭር አይደለም። መድኃኒቱ በሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ነበረ፤ ድውዩ በጓዳ ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ በሁለቱ መካከል የቆመችው አስታማሚዋ ናት። እርሷ ቀድሞ ታጥበው ስለ ነበረ፥ «ተነሥ፥ እንመርመር» ስትለው አምኖ ይነሣል። ያን ጊዜ መድኃኒት የሚጀመረው የሰውነት መከላከያ የሆነው ሲዲ ፎር የሚሉት ቍጥር ከ200 በታች ሲወርድ ነበረና፥ ገና ቍጥሩ ያልወረደውን ሰው ተመላልሶ እንዲመረመር ማባበልም የእርሷ ሥራ ነበረ።

መድኃኒቱ ከተጀመረም በኋላ ጠዋትና ማታ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት፥ ሳይዘለል፥ ዕድሜ ልክ መዋጥ ነበረበት። ሰዓት የሌለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ አንዷ የማለዳውን በኪዳን ደወል፥ የማታውን በሬዲዮ ወሬ እንዲያስታውስ ታስተምራለች፤ ሌላዋ በየማታው በደጁ ስታልፍ «በልተሃልን?» ትላለች፤ የጠየቀችው ስለ ራት መሆኑን እንጂ ስለ ክኒን መሆኑን ጎረቤት አያውቅም። ራትም ቢሆን ቀላል ጥያቄ አልነበረም፤ በባዶ ሆድ መድኃኒት የሚያንገበግበው ሰው ብዙ ነበርና ከቤቷ ቆጮ ቈርሳ የምታመጣለትም እርሷ ናት። ስታቩዲን የተባለው ከቀደሙት መድኃኒቶች አንዱ የእግርን ጫማ እንደ እሳት የሚያቃጥል፥ የፊትንም ሥጋ የሚያጐድል ነበረ። ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሊተዉት ፈለጉ። አስታማሚዎቹ ግን «አትተወው፤ ይለወጥልህ» እያሉ ድውዩን ወደ ሐኪሙ ፊት ያመጡት ነበር፤ ለራሱ መናገር ያፈረውንም ይናገሩለት ነበር። በሕክምና ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመው ስለ ሌላ ሰው እግር የተከራከሩ ሴቶች አይቻለሁ። ስታቩዲን በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር መክሮበት ከአገልግሎት ወጥቷል።

አሁን ዕዳዬን የምናገርበት ስፍራ ደረስሁ።

በ1998 ዓመተ ምሕረት እኔ የቅኔ ተማሪነቴን ከፈጸምሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ፥ ከዚህ አገር ውጭ ባለ በአንድ የጠበል ስፍራ እያስተማርሁ አገለግል ነበር። ስፍራውን አልጠራም። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር አንዲት ወጣት ሴት ክኒኖቿን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ከአስጠማቂዎቹ አንዱ «ወይ ጠበሉን ወይ ክኒኑን፤ በሁለት ልብ አይዳንም» አላት። እርሷም ወደ እኔ ተመለከተች፤ የተማርሁ ሰው መስዬ ታይቻት ነበርና። እኔም ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ነገሩን አምኜበት አይደለም፤ ከሰውዬው ጋር መከራከር ስለ ከበደኝ ነው። ቋጠሮዋን ፈታች፤ ክኒኑም ተጣለ። እርሷም በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም መካከል ዐረፈች፤ በፍትሐቷም ላይ ቆሜ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ታማሚ መጣ። ይህ ግን ብቻውን አልመጣም፤ በመካከለኛ ዕድሜ ያለች አንዲት አስታማሚ ደግፋው ነበር። አስጠማቂው ያንኑ ቃል በተናገረ ጊዜ እርሷ ወደ እርሱ አልተመለከተችም፤ ወደ እኔ ዘወር ብላ፦

«የኔታ፥ ዝም ይላሉ? ክኒኑስ የሚዋጠው በውሃ አይደለምን? በጠበሉ ይዋጠው» አለችኝ።

እኔ ዐሥር ዓመት ያህል በቅኔ ቤት ተቀምጬ፥ ሐዲሱንና ብሉዩን ሰምቼ፥ ለዚህ ቃል መልስ አጣሁ፤ መልስ ያጣሁትም ቃሉ ልክ ስለ ነበረ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ እርሱ ወደ እግዚአብሔር እንደ ጸለየ፥ ነቢዩ ኢሳይያስም የበለስ ጥፍጥፍ እንዳዘዘለት አውቃለሁ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፥ መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ፍጥረት እንደ ሆነ እንደሚያስተምር አውቃለሁ። ጌታም የዕውሩን ዐይን በጭቃ ቀብቶ በሰሊሆም እንዲታጠብ እንዳዘዘው ስንት ጊዜ ተርጕሜ አስተምሬአለሁ። ዕውቀቱ በአፌ ነበረ፤ በጥቅምት ወር ግን ከአፌ አልወጣም። ያ ታማሚ ክኒኑን በጠበሉ ዋጠ፤ እኔም በዚያ ስፍራ እስከ ቆየሁበት ቀን ድረስ ለመጣው ሁሉ ያችን ቃል እነግር ነበር።

በግንቦት ወር 1999 ዓመተ ምሕረት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ፥ አንዱም ሌላውን እንደማይቃወም በአደባባይ ተናገሩ። ያ ቃል በእንጦጦና በሌሎችም የጠበል ስፍራዎች የብዙ ሰው ነፍስ አተረፈ፤ ለቤተ ክርስቲያናችንም ክብር ነው። ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ ቀኑን መጠበቅ አለበትና፥ የዚያች ሴት ቃል በአንድ ዓመት እንደሚቀድም ልጽፍ ይገባኛል። እንደ እርሷ ያሉትም በየጠበሉ ስፍራ ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚህ በኋላ የጾምና የቍርባን ጥያቄ መጣ። «ከቅዳሴ በፊት ክኒን የዋጠ ይቈርባልን? በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ምን ያድርግ?» እያሉ ሕሙማኑ ይጠይቁ ነበር። ብዙዎቹ የንስሐ አባታቸውን መጠየቅ ያፍሩ ስለ ነበር አስታማሚዎቹ ስለ ሌላ ሰው እንደሚጠይቁ ሆነው መጥተው ይጠይቁላቸው ነበር። አባቶች የሰጡት መልስ ልዩ ልዩ ነበረ፤ እኔም በሁሉ ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የለኝም። ፍትሐ ነገሥት በሥጋ ደዌ የተያዘውን ከጾም ግዴታ እንደሚያሳርፈው ግን በየጊዜው ማስታወስ አስፈልጎን ነበር፤ ምእመናን በራሳቸው ላይ ከሕጉ ይልቅ ይጨክናሉና። በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠው ክኒን በመጣ ጊዜ ከዚህ ጭንቀት ብዙው ቀለለ፤ ሰው ማታ ውጦ ይተኛል።

ዛሬ ነገሩ እጅግ ተለውጧል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2016 ዓመት ወዲህ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ቍጥር ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምራል። ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን ከቀድሞዎቹ ይልቅ ለሰውነት የተስማማ ነው። በአገራችን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሕክምናው ላይ ይኖራሉ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በሩካቤ ወደ ትዳር ጓደኛው እንደማያስተላልፍ ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ ቫይረሱ ያለባት እናትም በሕክምና ጤናማ ልጅ ትወልዳለች። በዚህ ደብር ቅጽር ውስጥ ክርስትና ሲነሡ ካየኋቸው ሕፃናት እንደዚህ የተወለዱ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ይሁን እንጂ ሥራው አላለቀም። በጥር ወር 2017 ዓመተ ምሕረት የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ፥ በዚያ ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደርጓል። በእኛ አጥቢያ ቀጠሮ ያሳለፈውን ሰው ከቤቱ ድረስ ሄዶ የመፈለጉ ነገር እንደገና በፈቃደኞቹ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እነርሱ ግን እንደ ቀድሞው ወጣቶች አይደሉም፤ ጕልበታቸውን የሚያሙ አሉ። ወጣቱም ደዌው ያለፈ ነገር ይመስለዋል፤ የሞት ዘመኑን አላየምና።

ያች በጠበሉ ስፍራ የተናገረችኝ ሴት የቱላ ሰው ናት፤ ወደዚህ ደብር ተመድቤ ስመጣ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ባየኋት ጊዜ ነው ያወቅሁት። ይህን ጽሑፍ ልጀምር ስል ወደ ቤቷ ሄጄ ስሟን እንድጽፍ ፈቃዷን ጠየቅሁ። ቡና እያፈላች ሰማችኝ። «የኔታ፥ ስሜን ይተዉትና ክፍሏን ያሰጡን» አለችኝ። ክፍሏ ከግምጃ ቤቱ ቀጥላ ያለች፥ አሮጌ ምንጣፍና የተሰበረ አትሮንስ የሚቀመጥባት ጠባብ ቤት ናት። ሴቶቹ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዚያ እየተሰበሰቡ የቀረውን ሰው ዝርዝር ሊያዩ፥ አዲስ የተመረመረውንም ሊያነጋግሩ ይፈልጋሉ፤ በጤና ጣቢያው በር ላይ መቆም የሚያፍር ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ግን ለጸሎት መስሎ መግባት ይችላልና። ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በወር አንድ ጊዜ በዐውደ ምሕረቱ ላይ እንዲነገርላቸው ይለምናሉ።

ልመናዋን ለሰበካ ጉባኤው አቅርቤአለሁ። አንዳንዶቹ አባላት ምንጣፉ ወዴት ይዛወራል አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በበዓሉ ሰሞን እንግዳ ስለሚበዛ ይቈይ አሉ። ይህ መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ሄደበት ቀን ድረስ ነገሩ አልተቈረጠም፤ ከበዓሉ በኋላ በሚውለው ሐሙስ እንድንነጋገርበት ቀጠሮ ተይዟል። ቍልፉ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ኀላፊ ዘንድ ነው።